ያልገባው ባቡርና የሚጢጢ ፊሽካ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ እንቅልፍ የመጣበት ይራቅ። ይህ የቀትር ተረት ነውና ጥላ ጥላውን ያዙና ስሙኝ።

በድሬ ከተማ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ዘርጋው የሚባል ጡረተኛ የባቡር መካኒክ ከሚስቱ ከአጸደ ጋር ይኖር ነበር። አቶ ዘርጋው፣ ወይዘሮ አጸደ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ድሬ ላይ እንኳን ሽማግሌውን ፀሐዩንም "አንተ" ነው የምንለው፣ አትቀየሙኝ። ዘርጋው ዕድሜውን ሙሉ ትልልቁን ባቡር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ባቡሩ መምጣት ሲያቆም ቤቱ ገባ። እጁ ግን አላርፍ አለው። ስለዚህ ከነሐስና ከመዳብ አንዲት ትንሽ ባቡር ሠራ፤ እውነተኛ እሳት የምትበላ፣ እውነተኛ ውሃ የምትጠጣ፣ ግን ክንድ የማትሞላ። ስሟን ሚጢጢ አላት። ጓሮው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ዙሪያም ሐዲድ ዘረጋላት። ሐዲዱ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ዛፉን ዞሮ እዚያው ይመለሳል፤ ከየትም አይመጣም፣ የትም አይሄድም።

ታዲያ አጸደ እንቅልፍ አጣች። ጥቂት አይደለም፣ ጨርሳ አጣች። ድሮ ባቡሩ ከጣቢያው ሲወጣ ፊሽካውን በረጅሙ ይነፋ ነበር፤ እሷም ያንን ሰምታ ጋደም ካለች ለጥ ብላ ትተኛ ነበር። የድሬን ቀትር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ሰው ሲያይ መጮኽ ይሰለቸዋል። አሁን ከተማው በሙሉ ሲተኛ አጸደ ብቻዋን ዓይኗን አፍጥጣ ጣራ ታያለች። ሌሊቱም እንደዚያው። ሐኪሙ ክኒን ሰጣት፣ ቄሱ ጠበል ሰጧት፣ ጎረቤት ቅጠል አፍልታ አጠጣቻት። እንቅልፍ ባጠገቧም አላለፈ። ሰውነቷ አልቆ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ይወድቅ ጀመር። ዘርጋው ይህን እያየ ፈራ። እንዲህ ከቀጠለች እንደምትሞትበት ልቡ አውቆታል።

"ዘርጋው" አለችው አንድ ቀን፣ "ትንሽ ነገር ልለምንህ።"

"ምን ልታዘዝ?"

"ያንን ፊሽካ አንዴ ብሰማው እተኛለሁ። አንዴ ብቻ። ትልቁ ከሌለ በትንሿ አሰማኝ።"

ትንሽ ነገር! ዘርጋው ደስታው ወሰን አጣ። ክኒን ካልሆነ፣ ጠበል ካልሆነ፣ ብረት ከሆነማ እሱ አለ። የሚጢጢ ፊሽካ ሲጥ ከማለት በቀር ድምፅ የሌለው ነበርና ነቅሎ ጣለው። ወፈር ያለ የነሐስ ቱቦ ቆረጠ፣ አፉን በሞረድ ከፈተ፣ አንድ ጫፉን ደፈነ፤ ትልቁን የሚያህል ድምፅ ያወጣል ያለውን አዲስ ፊሽካ ገጠመላት። በማግስቱ ቀትር ላይ ውሃ ሞላ፣ የነጭ ጋዙን ክር ለኮሰ፣ ውሃው እስኪፈላ ጠበቀና የፊሽካውን እጀታ ሳበ።

ፊሽካው አልጮኸም። ተንቆረቆረ። ውሃ የገባበት ጉሮሮ የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ። መኝታ ቤት የነበረችው አጸደ ከአልጋዋ ብድግ አለች።

"ማነው?" አለች። "ማነው ውሃ ውስጥ ያለው?"

"ማንም የለም፤ ጋደም በይ" አላት።

ጎንበስ አለና ፊሽካውን "ምን ሆነሃል አንተ?" አለው። መካኒክ ሁሉ ከብረት ጋር ያወራል፤ ብረቱ ስለማይመልስ ማንም እብድ አይለውም። የዚያን ቀን ብረቱ መለሰ።

"አልጮህም" አለ ፊሽካው በቀጭን የነሐስ ድምፅ። "እንፋሎቱ እርጥብ ነው፤ ያንቀኛል። መጀመሪያ እንፋሎቱ ይድረቅ።"

ዘርጋው ዙሪያውን ቃኘ። ግቢው ጭር ብሏል። የጀርባው ላብ በዚያ ሁሉ ሙቀት ቀዘቀዘ። ነገር ግን ሚስቱ እየሞተችበት ያለ ሰው ማን ተናገረኝ ብሎ አይሸሽም፤ የተባለውን ይሠራል።

እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አልጮህ አለ፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አልተኛ አለች።

ዘርጋው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ፈለገ፤ ጠመዘዘና በእሳቱ መካከል አሳለፈው። እንፋሎቱ ወደ ፊሽካው ከመድረሱ በፊት እሳት ውስጥ ያልፋል፣ እሳት ውስጥ ካለፈ ይደርቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ቀትር እንደገና ለኮሰ። እንደገና ተንቆረቆረ።

"እንፋሎት ሆይ" አለ ዘርጋው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። "እባክህ ድረቅ! ካልደረቅህ ፊሽካው አይጮህም፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አትተኛም።"

ከቱቦው ጫፍ አንድ ነጭ ትንፋሽ ወጣና ጆሮው ሥር ቆመ። ትንፋሹ ሙቅ መሆን ነበረበት፤ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

"አልደርቅም" አለ እንፋሎቱ። "እሳትህ ሰነፍ ነው። መጀመሪያ እሳቱ ይበርታ።"

እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አልደርቅ አለ፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አልጮህ አለ፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አልተኛ አለች።

ዘርጋው አንዱን ክር ነቅሎ በቦታው ወፋፍራም ክሮች ደረደረ። ለነጭ ጋዙ ሰፋ ያለ ገንዳ በየደለት። ሰው እንዲህ እየደከመ እሳት እምቢ ይለዋል? አለው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይነሣም፤ ጥቀርሻውን ብቻ ያስታቅፈዋል። ዘርጋው ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ተንበረከከ።

"እሳት ሆይ፣ እባክህ በርታ! ካልበረታህ እንፋሎቱ አይደርቅም፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አይጮህም፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አትተኛም።"

"አልበረታም" አለ እሳቱ እያዛጋ። "ትንፋሽ የለኝም። እዚህ ውስጥ እንደ መቃብር ታፍኗል። መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ይሳብልኝ።"

መቃብር የሚለውን ቃል ዘርጋው አልወደደውም። ዞር ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት አየ። አጸደ በመጋረጃው ስንጥቅ እያየችው ነበር፤ ዓይኖቿ ጉድጓድ ገብተዋል። እጇን አወዛወዘችለት፣ እሱም ሳቅ ብሎ አወዛወዘላት። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አልበረታ አለ፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አልደርቅ አለ፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አልጮህ አለ፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አልተኛ አለች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዘርጋው የማያውቀው ነገር አልነበረም። ከፒስተኑ የሚወጣው ያገለገለ እንፋሎት ሜዳ ላይ እንዲበተን ነበር የሠራው፤ ያንን ቱቦ አጥፎ ወደ ጭስ ማውጫው ውስጥ፣ ወደ ላይ እንዲተፋ አደረገው። ጫፉንም አጠበበው። ባቡር ቹፍ ቹፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ጭሱን ገፍቶ ሲያወጣ እሳቱ ከሥር አየር ይስባል። ሠርቶ ሲጨርስ ራሱን አደነቀ። ለኮሰ። ጭሱ ከማውጫው ጫፍ ድረስ መጥቶ አንገቱን ብቅ አደረገና ተመልሶ ገባ።

"ጭስ ማውጫ ሆይ፣ እባክህ ሳብ! ካልሳብክ እሳቱ አይበረታም፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አይደርቅም፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አይጮህም፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አትተኛም።"

"አልስብም" አለ ጭስ ማውጫው፣ ድምፁ ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ዓይነት ነበር። "የቆመ ባቡር መቼ ተነፈሰ? አንተ መካኒክ አይደለህም እንዴ? መጀመሪያ መንኮራኩሩ ይዙር።"

እውነቱን ነው። ዘርጋው አፍሮ ጭንቅላቱን አከከ።

መንኮራኩሩ ካልዞረ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አልበረታ አለ፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አልደርቅ አለ፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አልጮህ አለ፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አልተኛ አለች።

መንኮራኩሮቹን ፈታቸው። አንድ በአንድ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሳቸው፣ ዘይት አጠጣቸው፣ መልሶ ገጠማቸው። ሚጢጢን አንሥቶ በጣቱ ነካ ሲያደርጋቸው ያለ ድምፅ ይሽከረከራሉ። ሐዲዱ ላይ ሲያስቀምጣት ግን ደረቁ። ቢገፋት አትነቃነቅም፤ ክንድ የማትሞላ ባቡር፣ ትልቅ ሰው በሁለት እጁ ቢገፋት ንቅንቅ አትልም!

"መንኮራኩር ሆይ፣ እባክህ ዙር! ካልዞርክ ጭስ ማውጫው አይስብም፤ ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አይበረታም፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አይደርቅም፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አይጮህም፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አትተኛም።"

"አልዞርም" አለ መንኮራኩሩ። "ሐዲዱ እግሬን ይዞታል። መጀመሪያ ሐዲዱ ይልቀቀኝ።"

ሐዲዱ ካልለቀቀ መንኮራኩሩ አልዞር አለ፤ መንኮራኩሩ ካልዞረ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አልበረታ አለ፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አልደርቅ አለ፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አልጮህ አለ፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አልተኛ አለች።

አጸደ በዚያን ጊዜ ከአልጋ መነሣት ትታ ነበር። ሾርባ በማንኪያ ሲሰጣት ግማሹ በአገጯ ይወርዳል። "ደረሰልህ?" ትለዋለች ባየችው ቁጥር፤ "ትንሽ ቀረው" ይላታል።

ዘርጋው ሐዲዱን በአሸዋ ፈተገ፣ በነጭ ጋዝ ወለወለ፣ ቅጠሉን ጠረገ። አልለቅም አለ። የባቡር ሰው ደግሞ ሐዲድ ምን እንደያዘ ለማወቅ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ጆሮውን ይለጥፍበታል። ባቡር እየመጣ ከሆነ ከሩቅ ይሰማል። ዘርጋው መሬት ላይ ተኝቶ ጆሮውን ለጠፈ። በድሬ ቀትር ብረት ቆዳ ይልጣል፤ ይህ ሐዲድ ግን ቀዝቃዛ ነበር፣ ረጥቧልም። ከውስጡም ድምፅ ይሰማል። ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ። ከባድ ባቡር ነበር፣ ሩቅ፣ እየመጣ።

ያ ሐዲድ ከየትም የማይመጣ ሐዲድ መሆኑን አትርሱብኝ። ዘርጋውም አልረሳውም፤ ፀጉሩ ቆመ።

"ሐዲድ ሆይ" አለ እንደተኛ፣ "እባክህ ልቀቅ! ካልለቀቅህ መንኮራኩሩ አይዞርም፤ መንኮራኩሩ ካልዞረ ጭስ ማውጫው አይስብም፤ ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አይበረታም፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አይደርቅም፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አይጮህም፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አትተኛም።"

"አልለቅም" አለ ሐዲዱ ጆሮው ውስጥ። "ሌላ ባቡር አለብኝ። በአንድ ሐዲድ ሁለት ባቡር አይለቀቅም፤ ይህን ላንተ ልነግርህ? ቀና ብለህ እይ። ባንዲራው ቀይ ነው። መጀመሪያ ባንዲራው ይውረድ።"

ዘርጋው ቀና አለ። ከኒሙ ወዲያ፣ ፀሐዩ ላይ፣ አንድ ሰው ቀይ ባንዲራ ዘርግቶ ቆሟል። ጥላ የለውም። በቀትር ጥላ ያለው ማን አለ ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሕያውና ሙቱን በጥላ መለየት አይቻልም። ዘርጋው የለየው በፊቱ ነው። ሰውዬው ደበሌ ነበር፤ የጣቢያው ባንዲራ ያዥ፣ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ኮፍያውን እንዳደረገ። ዘርጋው ራሱ ነበር ሬሳውን ተሸክሞ የቀበረው።

"ሰላም ነህ ዘርጌ" አለ ደበሌ፣ ልክ ትላንት እንደተለያዩ።

"ደ... ደበሌ።" ቢሆንም የመኝታ ቤቱን መስኮት አየና እንደ ምንም ተናገረ። "ባንዲራህን አውርድልኝ ወንድሜ። ባንዲራው ካልወረደ ሐዲዱ አይለቅም፤ ሐዲዱ ካልለቀቀ መንኮራኩሩ አይዞርም፤ መንኮራኩሩ ካልዞረ ጭስ ማውጫው አይስብም፤ ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አይበረታም፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አይደርቅም፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አይጮህም፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አትተኛም።"

"ባወርደው እኔም በወደድኩ" አለ ደበሌ። "ክንዴ ዝሏል። ግን ደንቡን ታውቀዋለህ፤ የወጣ ባቡር ገባ ሳይባል ባንዲራ አይወርድም። አንድ ባቡር አስወጥቼ ነበር፤ ልጅህ ምንተስኖት ምድጃውን እየመገበ እሳት ሰጪ የነበረበትን። እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ገባ ያለኝ የለም። ሞትኩኝም እኮ፣ ማንም መጥቶ ገባ አላለኝም። መጀመሪያ ባቡሩ ይግባ።"

እናንተም ልታውቁት ይገባልና ልንገራችሁ። ዘርጋውና አጸደ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ምንተስኖት። ያ ባቡር በረሃው መሀል ሲደርስ ደራሽ ውሃ መጥቶ ድልድዩን ከነባቡሩ ጠረገው፤ ድሬ ባቡር መምጣት ያቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። አስከሬኑም አልተገኘ። የሰፈር ሽማግሌዎች ገና ጎህ ሳይቀድ መርዶ ሊነግሩ መጡ፤ ዘርጋው ደጃፍ ላይ ወጥቶ መለሳቸው። "ባቡሩ ገና አልገባም" አላቸው። "ያልገባ ባቡር መንገድ ላይ ነው ይባላል እንጂ ጠፋ አይባልም። ደንባችን ነው።" ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ሄዱ። ድንኳን አልተተከለም፣ አልተለቀሰም። አጸደ ምንቴ የት ደረሰ ስትለው ባቡሩ ዘግይቷል አላት። ባቡር መቼም ይዘገያል።

ባቡሩ ካልገባ ባንዲራው አልወርድ አለ፤ ባንዲራው ካልወረደ ሐዲዱ አልለቅ አለ፤ ሐዲዱ ካልለቀቀ መንኮራኩሩ አልዞር አለ፤ መንኮራኩሩ ካልዞረ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አልበረታ አለ፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አልደርቅ አለ፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አልጮህ አለ፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አልተኛ አለች።

ዘርጋው በባንዲራው ሥር አልፎ አየ። የጓሮው አጥር አልነበረም። በአጥሩ ቦታ ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ወደ ነጩ የቀትር ሙቀት ይሄዳል፤ እዚያ ላይ አንድ ትልቅ ባቡር ቆሟል። ጭስ የለውም። ከየመገጣጠሚያው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከመስኮቱ ሣርና ጭቃ ተንጠልጥሏል።

"አባዬ" አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ።

ዘርጋው ሊሮጥ ፈለገ፣ እግሩ እምቢ አለው። "ምንቴ! ግባ እንጂ ልጄ! ለምን ቆምክ?"

"አልገባም። መንገድ ላይ ነው ተብያለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ። መጀመሪያ መርዶዬ ይነገር።" ድምፁም ጨመረ፤ "ብርድ ነው አባዬ። ልብሴ አልደረቀም።"

ይሄን ሁሉ ዘመን የሚጠብቀው ልጁን ነበር፤ ለካ ልጁም እሱን ሲጠብቅ ኖሯል።

ወደ ቤት ገባ። የአጸደ አልጋ አጠገብ ተቀመጠና አጥንት ብቻ የቀረውን እጇን ያዘ። ስለ ሚጢጢ ነገራት፣ ከፊሽካው ጀምሮ እስከ ደበሌ ድረስ። የልጁን ድምፅ ግን ሳይነግራት ዘለለው።

"መርዶ ያስፈልጋል ይላሉ" አላት መሬት መሬት እያየ። "አንቺ መርዶ አልሰማም ብለሽ ነው እንጂ..."

"እኔ?" አለች አጸደ። ቀና አለች፤ ከየት እንዳመጣችው ባላውቅም ጉልበት አገኘች። "ሽማግሌዎቹን ደጃፍ ላይ ስትመልሳቸው ሰምቻለሁ ዘርጋው። ነቅቼ ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነቅቼ ነው ያለሁት። የት ደረሰ ስልህ ዘግይቷል ትለኛለህ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁ። ልቤማ ያውቃል፤ እናት አይደለሁም? ግን ሰው ለራሱ እንዴት መርዶ ይነግራል? አንተ ካልነገርከኝ ማን ይንገረኝ?"

ዘርጋው የሠራውን ሁሉ በልቡ ቆጠረ። ፊሽካውን ቀየረ፣ ቱቦውን ጠመዘዘ፣ ክሩን ጨመረ፣ መንኮራኩሩን አለሰለሰ፣ ሐዲዱን ወለወለ፤ ያልነካው ብረት የለም። የቀረው አፉ ብቻ ነበር። ባቡሩን የያዘው ደበሌም አይደለም፣ ሐዲዱም አይደለም።

ዘርጋው አልናገር ብሎ መርዶው ቀረ፤ መርዶው ካልተነገረ ባቡሩ አልገባ አለ፤ ባቡሩ ካልገባ ባንዲራው አልወርድ አለ፤ ባንዲራው ካልወረደ ሐዲዱ አልለቅ አለ፤ ሐዲዱ ካልለቀቀ መንኮራኩሩ አልዞር አለ፤ መንኮራኩሩ ካልዞረ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ጭስ ማውጫው ካልሳበ እሳቱ አልበረታ አለ፤ እሳቱ ካልበረታ እንፋሎቱ አልደርቅ አለ፤ እንፋሎቱ ካልደረቀ ፊሽካው አልጮህ አለ፤ ፊሽካው ካልጮኸ አጸደ አልተኛ አለች።

ዘርጋውን ደግሞ ማን ይለምነው? እሱ እስከዛሬ ሁሉንም ለምኗል፤ እሱን የሚለምን አልነበረም። አጸደ ብቻ ዓይኑን እያየች እጁን ጠበቅ አደረገችው።

"አጸደ" አለ። እንደገና ጀመረ። "አጸደ፣ ልጃችን ምንተስኖት ሞቷል። ድልድዩን ውሃ ወሰደው፣ ባቡሩንም ወሰደው፣ እሱንም ወሰደው። አይመጣም። ልጃችን አይመጣም።"

አጸደ ጮኸች። ዘመኑን ሁሉ ያጠራቀመችውን ጩኸት በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ዘርጋውም አብሯት ጮኸ፤ ደረቱን መታ፣ ልጄን አለ።

መርዶው ሲነገር ባቡሩ ገባ። ባቡሩ ሲገባ ባንዲራው ወረደ። ባንዲራው ሲወርድ ሐዲዱ ለቀቀ። ሐዲዱ ሲለቅ መንኮራኩሩ ዞረ። መንኮራኩሩ ሲዞር ጭስ ማውጫው ሳበ። ጭስ ማውጫው ሲስብ እሳቱ በረታ። እሳቱ ሲበረታ እንፋሎቱ ደረቀ። እንፋሎቱ ሲደርቅ ፊሽካው ጮኸ፤ በረጅሙ፣ በወፍራሙ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ። ሚጢጢን በዚያ ሰዓት የለኮሳት ሰው አልነበረም፤ ውሃ የሞላባትም የለም። እሷ ግን የኒሙን ዛፍ ቹፍ ቹፍ እያለች ዞረችው።

ፊሽካው ሲጮህ አጸደ ጆሮዋን ሰጠች። "እሱ ነው" አለች። ትራሷ ላይ ጋደም አለች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ዓይኗን ከደነች፣ ተኛች። ዘርጋው ደነገጠና እጁን አፍንጫዋ ሥር አደረገ። ትተነፍሳለች፤ እንዲያውም በቀስታ ታንኮራፋለች።

ዞር ሲል ከጓሮው በር እስከ አልጋዋ ራስጌ ድረስ በሲሚንቶው ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አየ። ወደ ውስጥ የገባ እንጂ የወጣ አልነበረም። እያየው ሳለ ቀትሩ አንድ በአንድ አደረቀው። ዘርጋው አልፈራም፤ ልብሱ ደረቀለት ብሎ አለቀሰ።

ወዲያው የግቢው በር ተበረገደ። ጩኸቱ ከተማውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶት ኖሮ ጎረቤት በሙሉ እየሮጠ መጣ፤ ከፊት ጎረቤታቸው ፈትያ ነበረች፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ።

"ምን ተፈጠረ ዘርጋው? የጣቢያው ፊሽካ ተነፋ፣ ባቡር መጣ ብለን ስንወጣ ደግሞ ጩኸት ሰማን። ማን ሞተ?"

"ምንቴ" አለ ዘርጋው። "ልጄ ምንቴ ሞቷል።"

ፈትያ እጇን ራሷ ላይ ጭና "ዋይ!" ልትል አፏን ስትከፍት፣ ዘርጋው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ቀስ በሉ" አላቸው። "አጸደ ተኝታለች።"

ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳው ላይና በኒሙ ጥላ ሥር ቁጭ ቁጭ አለ፤ የምንተስኖትም ለቅሶ በሹክሹክታ ተለቀሰ።

ተረቴ እኔን እዚህ ጣቢያ ላይ አወረደኝ፤ የሰማኝ ሁሉ እንቅልፍ አይጣ።